ልጅን መምታት ወይስ ሳይመቱ መቅጣት፦ ለክርስቲያን ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

"በበትሩ ከመምታት የሚራራ ልጁን ይጠላል፤ ልጁን የሚወድድ ግን ተግቶ ይገሥጸዋል" ይላል ምሳሌ 13፥24። በሁለተኛው ሐረግ ላይ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም አንድ ነው፤ ልጅን ልቅ መተው ፍቅር እንዳልሆነ ማንም አይክድም። ክርክሩ ያለው የመጀመሪያው ሐረግ ላይ ነው። ዛሬ፣ በዚህ ቤት፣ ለዚህ ልጅ ምን እናድርግ?

ከዚህ በታች ክርስቲያን ወላጆች የሚከተሏቸውን አራት መንገዶች እናነጻጽራለን። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፤ የምንመርጠው አራተኛውን ነው፤ እጅ ሳያነሡ፣ ቃልንም ሳያጥፉ መቅጣትን። ሁለተኛውን መንገድ የያዙ ወላጆች ግን ከመጽሐፍ ተነሥተው በቅንነት የያዙት ስለሆነ፣ ክርክራቸውን አሳንሰን አናቀርብም።

ጥቅሶቹን አንድ ላይ ማንበብ

በትርን ከልጅ አስተዳደግ ጋር የሚያያይዙት ቁጥሮች በአብዛኛው መጽሐፈ ምሳሌ ውስጥ ናቸው፤ 13፥24፣ 22፥15፣ 23፥13-14 እና 29፥15። 81ዱን መጻሕፍት የሚቀበል ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ ሲራክ ምዕራፍ 30ን ያገኛል፤ እሱ ከምሳሌም ይበረታል። በአዲስ ኪዳን ዕብራውያን 12፥5-11 የእግዚአብሔርን ተግሣጽ ከአባት ቅጣት ጋር ያነጻጽራል። ስለዚህ "መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መምታት ምንም አይልም" ማለት አያስኬድም። በትሩ የእረኛ መምሪያ ብቻ ነው፣ መዝሙር 23 ላይም የሚያጽናና ተብሏል የሚለው መልስም እስከ መጨረሻው አያደርስም፤ ምሳሌ 23፥13 የሚናገረው በግልጽ ስለ መምታት ነው።

ነገር ግን ምሳሌ የጥበብ መጽሐፍ እንጂ የሕግ ድንጋጌ አይደለም። 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ወዲያው 26፥5 መልስለት ይላል። አንባቢው የሚጠበቅበት ጊዜውን መለየት ነው። በሕግ መልክ የተጻፈው ዘዳግም 21፥18-21 ደግሞ አልታዘዝ ያለ ልጅ በድንጋይ እንዲወገር ያዝዛል። ይህን በልጁ ላይ የሚፈጽም ክርስቲያን የለም፤ ማለትም ሁሉም ወገን የብሉይ ኪዳንን ቅጣት የሚያነብበው በክርስቶስ በኩል ነው፤ ልዩነቱ የት ድረስ የሚለው ላይ ነው። በአዲስ ኪዳን ለአባቶች በቀጥታ የተሰጠው ትእዛዝ ኤፌሶን 6፥4 ነው፦ "እናንተም አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቆጡአቸው።" ቆላስይስ 3፥21ም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ ይከለክላል። በሁለቱም ቦታ ልጓም የተደረገለት የአባትየው ኃይል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው፣ ልጆቻቸውን ባለማረማቸው የተወቀሱት ሁለት አባቶች ናቸው። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን ተናግሯቸዋል (1ኛ ሳሙኤል 2፥23-25)፤ ከመሥዋዕቱ አገልግሎት ግን አላነሣቸውም፣ በደሉም ቀጠለ። ዳዊት በልጁ በአዶንያስ ጉዳይ የተወቀሰው ደግሞ (1ኛ ነገሥት 1፥6) አንድ ቀን እንኳ "ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?" ብሎት ስለማያውቅ ነው። አንዱ ተናግሮ አላስፈጸመም፤ ሌላው ጭራሹን አልተናገረም። ሁለቱም ግን አለንጋ ባለማንሣታቸው አልተወቀሱም። እንግዲህ አራቱን መንገዶች በዚህ እንመዝናቸው፦ ልጁ ጥፋቱ በግልጽ ይነገረዋል? የተባለውስ ነገር ይፈጸማል?

አንደኛው መንገድ፦ በትርን እንደ ቋሚ ትእዛዝ መያዝ

በዚህ መንገድ አለመታዘዝ ሁሉ በምት ይመለሳል፤ ምቱም ልጁ እስኪሸነፍ ይቀጥላል። በአገራችን ይህ በአለንጋ፣ በቀበቶ፣ በአርጩሜ፣ በኩርኩም፣ በቁንጥጫ፣ በጠጠር ላይ በማንበርከክና በበርበሬ በማጠን ይገለጣል። ብዙ ጊዜ ጥቅስ ይጠቀስለታል፤ ሆኖም በርበሬ ማጠንን ወይም ራስን መኮርኮምን የሚያዝ አንድም ቁጥር የለም። የበርበሬ ጭስ ዓይንንና የመተንፈሻ ቧንቧን ያቆስላል፤ አስም ያለበትን ልጅ ሊገድል ይችላል። ራስ ላይ የሚያርፍ ምትና መናጥ አንጎልን ይጎዳል። የሕፃን ጉዳት ደግሞ ሁልጊዜ ከውጭ አይታይም።

ይህ መንገድ አደገኛ የሚሆነው ወላጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አደጋው ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው፤ ማቆሚያ የለውም። "እስኪሸነፍ ድረስ" የሚል ሕግ የያዘ ወላጅ፣ ልጁ ካልተሸነፈ መጨመር ግድ ይሆንበታል። በጣም የፈራ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፣ ይቅርታ በል ሲባልም ቃሉ አይወጣለትም። ወላጁ ድርቀቱን እንቢተኝነት አድርጎ ያነብበዋል፤ ምቱ ይጨምራል፤ ልጁም የባሰ ይደርቃል። ከከባድ ጉዳቶች ጀርባ ይህ ዙር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላም ከኢትዮጵያ ሕጎች በቀር ዓመታቱ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ በቅዝቃዜ ሞተች፤ ተመጥኖ የማይበቃ ምግብ እየተሰጣትም ነበር። አጥባቂ ክርስቲያኖች የነበሩት አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በቤታቸውም የልጅን እንቢታ በበትር መስበርን የሚያስተምር መጽሐፍ ተገኝቷል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ቤት ሁሉ እዚያ ይደርሳል ማለታችን አይደለም። እዚያ እንዳይደርስ የሚያቆመው ነገር ግን በመንገዱ ውስጥ የለም።

ልጁ ይነገረዋል ወይ ለሚለው መልሱ አልፎ አልፎ ነው። ይፈጸማል ወይ? አዎ፣ ከመጠን በላይ። ይህን መንገድ ለማንም አንመክርም።

ሁለተኛው መንገድ፦ አጥር የተደረገለት ምት

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ የተስፋፋው፣ በእኛም አብያተ ክርስቲያናት የቤተሰብ ትምህርት ላይ የሚሰማው ይህ ነው። የሚያስተምሩት ሰዎች አጥሮቹን እንዲህ ይዘረዝራሉ። ምት የሚገባው አውቆ ለማመፅ ብቻ ነው፤ ወተት ለደፋ፣ ለረሳ ወይም ለደከመ ልጅ አይገባም። ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን ፈጽሞ አይመታም፤ ልጁ ወደ ጉርምስና ሲጠጋም ምት ይቀራል። የሚመታው መቀመጫ ላይ፣ ምልክት በማይተው መጠን ነው። ፊት፣ ራስና ጀርባ አይነካም። በሰው ፊት አይደረግም። አስቀድሞ ጥፋቱ ይነገራል፤ በኋላ ልጁ ይታቀፋል። ከሁሉ በላይ በቁጣ አይደረግም።

ታሪክ ውስጥ ከዚህ መንገድ ደጋፊዎች በጣም የምትታወቀው የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የጀመሩት የዌስሊ ወንድማማቾች እናት ሱዛና ዌስሊ ናት። በ1732 ለልጇ ለጆን በጻፈችው ደብዳቤ ከመዘገበቻቸው የቤቷ ሕጎች ሁለቱ ዛሬም ለማንኛውም ወላጅ ይጠቅማሉ፦ ጥፋቱን በእውነት ያመነና ለመታረም ቃል የገባ ልጅ አይመታም፤ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣትም ሆነ መውቀስ የለም። የመጀመሪያው ሕግ ውሸትን ከሥሩ ይነቅላል፤ ምክንያቱም ልጅ የሚዋሸው በአብዛኛው ቅጣት ፈርቶ ነው። በዚያው ደብዳቤ ልጆቹ ዓመት ሲሞላቸው በትር መፍራት እንደሚማሩ ጽፋለች፤ ይህን ግን ዛሬ የምት ደጋፊዎች እንኳ አይቀበሉትም። በካቶሊክ በኩል ትምህርተ ሃይማኖቱ ስለ ወላጆች ኃላፊነት ሲናገር ሲራክ 30ን ይጠቅሳል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2015 ልጁን አልፎ አልፎ የሚመታ፣ ክብሩን እንዳይነካ ግን ፊቱን በጥፊ የማይመታ አባትን አመስግነው ብዙ ክርክር አስነሥተው ነበር።

ጥናቱ ምን ይላል? በ2016 የታተመና የ50 ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ፣ ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚያካትት ትንተና ከተመለከታቸው 17 ውጤቶች በ13ቱ ላይ መቀመጫን መምታት ከመጥፎ ውጤት ጋር ተያይዞ አግኝቷል፤ ጠበኝነት፣ የአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር የሻከረ ግንኙነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ተቃዋሚ ተመራማሪዎች "አስቸጋሪ ልጅ ነው ብዙ የሚመታው፤ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም" ይላሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች የሚከላከሉለት ምት በጣም ጠባብ ነው፤ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ፣ ቀለል ያለውን ቅጣት እንቢ ሲል፣ በእጅ መዳፍ ሁለት ጊዜ ያህል። ለዚያ ጠባብ ሥራም ቢሆን ምትክ አለ። በ1990 የታተመ ጥናት፣ ከቅጣት ወንበሩ የሚነሣን ልጅ በመምታት መመለስንና ለ1 ደቂቃ ያህል ለብቻው ክፍል ውስጥ ማቆየትን አወዳድሮ ሁለቱም እኩል እንደሚሠሩ አሳይቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 ወላጆች ምትን እንዲተዉ በግልጽ መክሯል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ችግር "በቁጣ አትምታ" የሚለው ሕግ ነው። ወላጅ እጁን የሚያነሣው በአብዛኛው በተቆጣበት ቅጽበት ነው። ቁጣው ከበረደ በኋላ ደግሞ ብዙው ወላጅ መምታት አያሰኘውም። ስለዚህ አጥሩ በወረቀት ላይ ይቆማል፣ በቤት ውስጥ ይፈርሳል። ይህን መንገድ ይዘናል የምትሉ ወላጆች አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ለሁለት ሳምንት በደብተር ጻፉ፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን ጥፋት፣ ከጥፋቱ ስንት ደቂቃ በኋላ፣ ጥፋቱ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር ወይ። ምቶቹ ባብዛኛው ማታ፣ ደክሟችሁ፣ ጥፋቱ በተፈጸመ በዚያው ደቂቃ የሚሆኑ ከሆነ፣ ያላችሁት ሁለተኛው መንገድ ላይ አይደለም። ስሙ ሁለተኛ የሆነ አንደኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ይፍራ እንጂ አይመታ

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ባስተማረው ትምህርት ልጁን ሁልጊዜ በመምታት አታልምደው ይላል፤ በየቀኑ የተመታ ልጅ ምትን ይንቃል፣ አንዴ ከናቀው ደግሞ የቀረህ ነገር የለም። ልጁ ምትን ይፍራ እንጂ አይቅመሰው ነው ምክሩ። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ምት እንደ እህልና ውኃ በሆነበት ዓለም፣ ይህን መናገር ትልቅ ነገር ነበር። በእኛም አገር "አባቴ አንድ ቀን መትቶኝ አያውቅም፣ ግን ዓይኑ ይበቃ ነበር" የሚሉ ሰዎች ያደጉት በዚህ መንገድ ነው።

ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አለንጋ ከግድግዳው እንደማይወርድ ልጅ በሳምንት ውስጥ ያውቃል። ከዚያ ወላጁ ወይ ማውረድ አለበት፣ ወይ እንደ ዔሊ ተናግሮ ዝም ይላል። ስለዚህ የአፈወርቅን ማስፈራራት ብቻ የሚወስድ ሰው ግማሹን ነው የወሰደው። ሌላው ግማሽ ማመስገን፣ መሸለምና ከሁሉ በላይ ታሪክ መንገር ነው። የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ማታ ንገረው፣ በሌላ ቀን እሱ መልሶ ይንገርህ፣ ከዚያ ታሪኩ በሚነበብበት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰደው፤ የሚያውቀውን ሲሰማ ደስ ይለዋል ይላል። የሚያስፈሩ ታሪኮችንም በዕድሜ ይመጥናል፤ የጥፋት ውኃና የሰዶም ታሪክ በ10 ወይም በ8 ዓመት፣ ከዚያም ባነሰ ዕድሜ ቢሆን፣ ስለ ገሃነም መንገር ደግሞ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው። ለ4 ዓመት ልጅ "ሰይጣን ይወስድሃል"፣ "እግዚአብሔር ይቀሥፍሃል" የሚል ወላጅ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። እንዲህ ያደገ ልጅ የሚማረው እግዚአብሔር የእናቱ ማስፈራሪያ መሆኑን ነው።

አራተኛው መንገድ፦ ሳይመቱ መቅጣት

የዚህ መንገድ የታወቀ ክርስቲያናዊ አባት ጣሊያናዊው ካህን ዶን ቦስኮ ነው። የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ያሳደገበትን ሥርዓት በ1877 ሲጽፍ በማስተዋል፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ መሠረተው። መምታትን፣ በሚያሳምም ሁኔታ ማንበርከክንና ጆሮ መጎተትን በስማቸው ጠርቶ ፈጽሞ ከለከለ፤ ልጁን ያስመርራሉ፣ አሳዳጊውንም ያዋርዳሉ ብሎ። እነዚህን ልጆች ያሳደገ ሰው የልጅ አመፅ ምን እንደሆነ አያውቅም ሊባል አይችልም።

ይህ መንገድ ከልመናና ከልቅነት የሚለየው በአፈጻጸሙ ነው። ከ2 እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ አሠራሩ እንዲህ ነው። አጠገቡ ሂዱ፣ ስሙን ጥሩ፣ አንድ አጭር ትእዛዝ ስጡ፤ "መጫወቻውን ቅርጫቱ ውስጥ ክተት።" "ለምን አታነሣም?" ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚጮኽ ትእዛዝም ትእዛዝ አይደለም። በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ፣ አትድገሙ። ካደረገ ያደረገውን ጠርታችሁ አመስግኑት፤ "ጎሽ" ብቻ አይበቃም፣ "መጀመሪያ ስነግርህ ስላነሣህ ጎበዝ" በሉት። ካላደረገ አንድ ጊዜ ብቻ አስጠንቅቁ፤ "ካላነሣህ ጥግ ትቀመጣለህ።" እንደገና እስከ 5። ከዚያ ያለ ስብከት ወስዳችሁ አስቀምጡት። ጊዜው ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 1 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ 4 ደቂቃ። ቦታው እናንተ የምታዩት፣ መጫወቻም ቴሌቪዥንም የሌለበት ይሁን። ጨለማ ክፍል ወይም መጸዳጃ ቤት መዝጋት ቅጣት ሳይሆን ማስፈራራት ነው። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ካለ ጨርሷል።

ከዚያ ወላጆች ሁሉ የሚረሱት እርምጃ ይመጣል፤ ልጁን ወደ መጫወቻው መልሳችሁ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ድገሙት። "መጫወቻውን ክተት።" ይህ ከቀረ ልጁ 4 ደቂቃ ተቀምጦ ሥራውን አመለጠ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መቀመጡን ይመርጣል። "አይሠራም፣ ሞክረነዋል" ከሚሉ ቤቶች በብዙዎቹ የጎደለው ይህ ነው።

ሌላው የሚበላሽበት ምክንያት ቤቱ ራሱ ነው። ጥግ መቀመጥ ቅጣት የሚሆነው ልጁ ከሚወደው ነገር ሲለይ ነው። ቀኑን ሙሉ "ዝም በል፣ ቁጭ በል" ሲባል የዋለ ልጅ የሚለይበት ደስታ የለውም። ስለዚህ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስልክ አስቀምጣችሁ፣ ልጁ በመረጠው ጨዋታ፣ ሳታዝዙትና ሳታርሙት አብራችሁት ተጫወቱ። ሁለት ሥራ ለሚሠሩ ወላጆች ይህ ከባድ ነው፤ እናውቀዋለን። ሌላውን ሁሉ የሚያሠራው ግን ይህ ነው።

ከ7 ዓመት በላይ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን፤ እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ካሣን ያስተምራል። ዘጸአት 22 ሌባ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነው ንስሐውን ያሳየው (ሉቃስ 19፥8)። የጎረቤት መስኮት የሰበረ የ10 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ሄዶ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ከኪሱ ገንዘብ የተወሰነውን ይክፈል፣ የቀረውን በቤት ሥራ ያካክስ። እህቱን የመታ ልጅ የእሷን የዕለት ተራ ሥራ ይሥራላት። ስለ ቤት ሥራው የዋሸ ለአንድ ሳምንት ደብተሩን በየምሽቱ ያሳይ። ለጎረምሳ ስልክ ለ24 ሰዓት መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለአንድ ወር የወሰደ ወላጅ ነገ ለሚመጣው ጥፋት የሚወስደው ነገር አይቀረውም፤ ልጁም የሚያጣው ነገር ስለሌለ አይፈራም። የማትፈጽሙትን አትናገሩ። "ሁለተኛ ከቤት አትወጣም" ያለ ወላጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲልከው ቃሉን አጥፏል።

ዳዊት ያልጠየቀውን ጥያቄም ጠይቁ፣ ግን ቁጣው ካለፈ በኋላ። ትንሽ ልጅ "ለምን አደረግህ?" ሲባል ምክንያቱን ራሱም ስለማያውቀው ዝም ይላል ወይም ይዋሻል። "ምን ሆነ? ከዚያስ?" ብትሉት ይነግራችኋል።

ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ጸሎት፣ ስግደት፣ ጾምና መጽሐፍ ማንበብ ቅጣት አይደረጉም። ቅጣት የሆነበትን ስግደት ልጁ አድጎ በፈቃዱ አይሰግድም። እርግማንና ስድብም እንዲሁ። "አሳዳጊ የበደለው"፣ "አንተ ሰው አትሆንም"፣ "የትም አትደርስም" እያለ እጁን የማያነሣ ወላጅ አራተኛውን መንገድ አልመረጠም፤ ምላሱን በትር አድርጎታል። በእኛ ባህል የወላጅ እርግማን ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሁሉ ቆላስይስ 3፥21 ለምን እንደተጻፈ ይገባዋል።

የምትኖሩበት አገር ሕግ

በአንዳንድ አገር ምርጫው ከአራት ወደ ሁለት ይወርዳል። ስዊድን በ1979 ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ናት፤ ኖርዌይ በ1987፣ ጀርመንና እስራኤል በ2000 ተከትለዋል። በእነዚህ አገሮች አጥር የተደረገለት ምትም ቢሆን ሕገ ወጥ ነው፤ "ሃይማኖቴ ነው" የሚለው መከላከያ አያወጣም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2019 ለሃይማኖት ነጻነት የቆመ ድርጅት ያቀረበውን ክርክር ሰምቶ፣ ወላጅ "ልኩን የጠበቀ ቅጣት ነው" ብሎ እንዲከላከል የሚፈቅደውን የቆየ ደንብ ሽሯል። ብሪታንያ ውስጥ ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2022 ከልክለዋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ጠባብ መከላከያ አለ። በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 ከ2 ዓመት በታችና ከ12 ዓመት በላይ ያለን ልጅ መምታትን፣ በዕቃ መምታትንና ፊት ወይም ራስ መምታትን ከሚፈቀደው ውጭ አድርጓል።

በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ወላጅ "ምክንያታዊ" የሆነ ምት ይፈቀድለታል። ሆኖም መምህራንና ሐኪሞች ጥቃት ከጠረጠሩ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ሰንበር፣ የቀበቶ ምልክት ወይም ፊት ላይ ያረፈ እጅ ካዩ ዝም አይሉም። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ዜግነት ያላገኘ ሰው በልጅ ላይ በፈጸመው ጥቃት ከተፈረደበት፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ላለ ቤተሰብ አራተኛው መንገድ ከመንፈሳዊ ምርጫነቱ ሌላ ቤተሰቡን አንድ ላይ የሚያቆይ ጥንቃቄም ነው።

በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ሲል ሕግን ሳይቃረን የሚወስደውን እርምጃ ግን ከዚህ ያወጣዋል።

መንገድ ስትቀይሩ

ከምት ወደ አራተኛው መንገድ የሚሸጋገር ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታወካል። ልጁ አዲሱ ወሰን የት እንዳለ ይፈትናል፤ ጥፋቱ ይጨምራል። ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ "ይኸው፣ ካልተመታ አይሆንም" ብለው ይመለሳሉ፤ ልጁም የሚማረው ጠንክሮ ካጠፋ ወላጁ እንደሚሸነፍ ነው። ሁሉንም ጥፋት በአንዴ አትያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ሕጎች ምረጡ፤ መማታት የለም፣ መዋሸት የለም፣ በተባለው ሰዓት መተኛት። እነዚህን ብቻ በየጊዜው አስፈጽሙ፤ ሲረጋጉ ሌላ ጨምሩ። ቁጣው ሲመጣባችሁ ልጁን ደኅና ቦታ ትታችሁ ክፍል ቀይሩ፤ "አሁን ተቆጥቻለሁ፣ ቅጣትህን ስመለስ እነግርሃለሁ" በሉት፣ ተመልሳችሁም ንገሩት።

ባልና ሚስት ካልተስማሙ፣ ልጁ ፊት አትከራከሩ። በሌላ ጊዜ ተቀምጣችሁ ሁለታችሁም የምትፈጽሟቸውን ሕጎችና ቅጣቶች በወረቀት ጻፉ። ካቃታችሁ ለሁለታችሁም የሚከበር ሰው፣ የንስሐ አባት ወይም መጋቢ፣ መካከላችሁ ይግባ፤ አስቀድማችሁ ግን ልጁ ላይ ምልክት የሚተው ምት ካለ ሳትደብቁ ንገሩት። አያቶችን በተመለከተ ደግሞ ያሳደጉንን ሰዎች "ተሳስታችኋል" ብሎ መጀመር አይጠቅምም። ውጭ አገር ከሆናችሁ "እማዬ፣ በዚህ አገር ሕግ ልጁን ብንመታው ሊወስዱብን ይችላሉ፤ ሲያጠፋ ጥግ አስቀምጪልኝ፣ ማታ እኔ እጨርሰዋለሁ" ማለት ይሻላል፤ እንዲህ ሲባሉ ብዙ አያቶች ይረዳሉ።

ለሞግዚቷም በግልጽ ይነገራት። እናንተ የማትመቱትን ልጅ ቀን ላይ ስትቆነጥጠው ከዋለች ማታ የምትሠሩት ሁሉ ይፈርሳል። ልጁ ሲያስቸግራት ምን እንድታደርግ አሳዩአት፤ ጥጉ የት ነው፣ ስንት ደቂቃ፣ ከዚያስ፤ በምን ሰዓት ስልክ ልትደውልላችሁ እንደምትችልም ንገሯት። ለትምህርት ቤትም እንዲሁ። ልጁን ስታስመዘግቡ "ልጃችን እንዲመታ ፈቃድ አንሰጥም፤ ሲያጠፋ ጥሩን" ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውንም አስቀሩ። ሲጠሯችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ካልሄዳችሁ መምህሩ በሚቀጥለው ጊዜ አይጠራችሁም።